አምስተኛው ጠርሙስ

የአቶ አረጋ አስከሬን መደቡ ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ጉልበቱ ወደ ሆዱ እንደተሰበሰበ ደርቆ ቀርቷል። ኢንስፔክተር ማኅሌት ከላሊበላ ተነስታ ወደ አሸተን ማርያም የሚያስወጣውን ዳገት እኩሌታውን በመኪና፣ እኩሌታውን በእግሯ ጨርሳ ስትደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። የበልጉ ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ፤ ወንዶቹ ግን አጥር ጥግ ቆመው ይንሾካሾካሉ። አሥራ አራት ዓመት በፖሊስነት የሠራችው ማኅሌት ለቅሶ ቤት የሚንሾካሾኩ ወንዶችን ስታይ በቀል እንደሚመከር ታውቃለች።

ሳጅን አባስ በር ላይ ጠበቃት።

«ማንም እንዳይገባ ብዬ ነበር፤» አለ እያፈረ። «እኔ እስክደርስ ግን መንደሩ ሁሉ ገብቶ ወጥቷል።»

«ዕቃውስ?»

«ዕቃውን የነካው የለም። ፈርተውት መሰለኝ።»

መሬት ላይ አንድ ቡናማ የቢራ ጠርሙስ ቆሟል። ውስጡ ሁለት ጣት የሚያህል ቢጫ ፈሳሽ ቀርቷል። አጠገቡ ብርጭቆ ተንከባሏል፤ ቆርኪው መደቡ ሥር ገብቷል። ማኅሌት ጎንበስ ስትል ሽታው አፍንጫዋን መታት። የፍላቂት ገበሬ ልጅ ናትና ሽታውን ታውቀዋለች። ገብሱ ላይ ተምች ሲወርድ አባቷ የሚረጩት መድኃኒት ነው።

«እንዲህ የሚሸት ነገር ሰው እንዴት አፉ ያደርሰዋል?» አለች።

አባስ ትከሻውን ሰበቀ። «ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ያልተከፈቱ አሉ፤ በር ጥግ ደግሞ ሁለት ባዶ። ከዚህኛው ጋር አምስት ጠርሙስ። ሁሉም የውባንቺ ጠጅ ነው ይላሉ።»

ውባንቺን የማያውቃት የአካባቢው ሰው የለም። ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር ጠጅ ጥላ፣ በቢራ ጠርሙስ ሞልታ፣ በቆርኪ አሽጋ የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። እንግዳ አገሩን ያጥለቀልቅ በነበረበት ጊዜ ሆቴሎቹ ይሻሟት ነበር። አሁን እንግዳውም ቀርቷል፤ የሚገዛት የአገሬው ሰው ነው።

የሟች ሚስት ወይዘሮ ገለቴ ጓዳ ውስጥ በሁለት ጎረቤቶች ተደግፈው ተቀምጠዋል። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሴት ናቸው። አያለቅሱም። ዐይናቸው መሬት ላይ ተተክሏል።

«እማማ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት፤» አለች ማኅሌት ተንበርክካ። «እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«ከእርሻ መጣ። ዝናቡ አበስብሶታል። እኔ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። ስመለስ...» 

በቀኝ በኩል የደገፈቻቸው ጎረቤት ቀጠለች። «ጩኸቷን ሰምተን ስንደርስ ነፍሱ አልወጣችም ነበር። አፉ አረፋ ደፍቆ፣ ‹የውባንቺ ጠጅ ዘንድሮ ከበደኝ› አለ። ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም።»

«የውባንቺ ጠጅ እዚህ ምን ያደርጋል? የተጣሉ አልነበሩም እንዴ?»

«በልደታ ታረቁ እኮ! የእርሻ ድንበሩን ነገር ሽማግሌ ጨረሰው። ጠጁን የላከችው ለዕርቁ ነው።» ሴትዮዋ መሬት ላይ ልትተፋ ብላ ተወችው። «ለዕርቅ!»

«ስንት ጠርሙስ ላከች?»

ወይዘሮ ገለቴ ቀና አሉ። «አምስት፤» አሉ። 

* * *

ውባንቺን በረንዳዋ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ጠርሙስ እያሸገች አገኟት። የቆርኪ መግጠሚያዋ ቀላል ነገር ነው። ሁለት የብረት እጀታ፣ መሃሉ ላይ እንደ ትንሽ ጽዋ የጎደጎደ አፍ። ጠርሙሱን በጉልበቷ መሃል ትይዛለች፣ ቆርኪውን ታስቀምጣለች፣ አፉን ታለብሰዋለች፣ ከዚያ ሁለቱን እጀታ ወደ ታች ትጫናለች። ጠርሙሱ ተዘጋ ማለት ነው። ፖሊሶቹን ስታይ እጇ እጀታው ላይ እንዳለ ቆመ።

«አቶ አረጋ ሞተዋል፤» አለቻት ማኅሌት።

«የቱ አረጋ?» አለች ውባንቺ፤ ወዲያው ግን ገባት። «ኧረ በማርያም! አሁን እኮ ነው የታረቅነው። ጉልበቴን ስሞ እኮ ነው...» መሣሪያውን ከጭኗ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ምን ሆኖ?»

«ከእርስዎ ጠጅ ጠጥተው።»

የሴትዮዋ ፊት ቀስ እያለ ባዶ ሆነ። ማኅሌት የሚዋሹ ሰዎች ፊት ብዙ አይታለች፤ ይኼ ግን የቱ ዓይነት እንደሆነ ልትለይ አልቻለችም።

«ስንት ጠርሙስ ላኩ?»

«አራት። ያስታረቁን አባ ገብረ ሊባኖስ ናቸው የወሰዱት።»

«ወይዘሮ ገለቴ አምስት ነው ብለዋል።»

«ሐዘን ላይ ናቸው፤ ተምታቶባቸው ይሆናል፤» አለች ውባንቺ። ለራሷ መሟገት ሲገባት ለሴትዮዋ መከራከሯ ማኅሌትን ገረማት።

«ይኼን መግጠሚያ ሌላ ሰው ይጠቀምበታል? አውሰው ያውቃሉ?»

ልትዋሽ ብትፈልግ መውጫው ይኼ ነበር። ውባንቺ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ባሌ ገብረመስቀል ሳለ እሱ ነበር የሚያሽገው። እሱ ከሞተ ወዲህ ከእኔ እጅ ወጥቶ አያውቅም።»

ማኅሌት ሌላ ምርጫ አልነበራትም። የሟች ኑዛዜ የሚመስል ቃል አለ፣ የቆየ ጠብ አለ፣ የታሸገ ጠርሙስ አለ። ደግሞም ዳገቱ ላይ የሚንሾካሾኩት ወንዶች ነበሩ። ውባንቺ ዛሬ እዚህ ብታድር ነገ በሕይወት ላትገኝ ትችላለች።

«ይነሱ፤ ወደ ጣቢያ እንሄዳለን።»

«ጋኖቹን ልክደን፤» አለች ውባንቺ። «ዝናብ ይገባባቸዋል።»

ጋኖቿን አንድ በአንድ ከድና፣ በሩን ቆልፋ፣ ቁልፉን ለማኅሌት ሰጠቻት። አባስ መግጠሚያውን በከረጢት አድርጎ ያዘ።

* * *

ቁልፉ ግን ምንም አልጠቀመም። በማግስቱ የቀብሩ ሰው ሲበተን ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ወደ መንገዱ ወርደው የውባንቺን በር ገነጠሉ። ጋኖቹን በድንጋይ ፈጠፈጧቸው። ጠርሙሶቹን ግድግዳ ላይ እየወረወሩ ሰባበሩ። ጓሮ ያሉትን ሦስት የንብ ቀፎዎች በእሳት አቃጠሏቸው። ማኅሌት ደርሳ ስታይ ጠጁ በደጁ ቦይ ሠርቶ እስከ አስፋልቱ ይወርድ ነበር። ተመልሳ ለውባንቺ ስትነግራት፣ ውባንቺ ስለ ቤቱ አልጠየቀችም።

«ንቦቹስ?» አለች ብቻ።

«አቃጥለዋቸዋል፤» አለች ማኅሌት።

ሆስፒታል ያለው ሐኪም ዘገባውን አጭር አድርጎ ነገራት። የሟች ዐይን ብሌን ጠቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል፤ ሳንባቸው ውሃ አዝሏል። የተባይ መድኃኒት ነው። ናሙናው አዲስ አበባ ሄዶ እስኪመለስ ወር ይፈጃል፤ እሱ ግን ጥርጥር የለውም። ያልተከፈቱት ሁለት ጠርሙሶች ሲታዩ ደግሞ ንጹሕ ጠጅ ሆነው ተገኙ።

«ሁሉንም ያልመረዘችው ለምንድን ነው?» አለ አባስ። «የትኛውን ቀድመው እንደሚያነሱ በምን ታውቃለች? ዕርቁ ላይ ካህኑ ቢጠጡትስ?»

«እኔም እሱን ነው የማስበው።»

አባስ ማስታወሻውን ገለጠ። «ሌላ ነገር አለ። የሟች ወንድም፣ ቢተው። ዕርቁን እምቢ ብሎ ከሽማግሌ ፊት ጥሎ የተነሳ ሰው ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ላሊበላ ገበያ የተባይ መድኃኒት ገዝቷል። ትናንት ሰዎቹን መርቶ የወረደውም እሱ ነው።»

* * *

ቢተው ሐምሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ራሱን ተላጭቶ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ደጁ ተቀምጧል። ሲያያቸው አልተነሳም።

«ገዳይዋን ይዛችኋል፤ እኔ ዘንድ ምን አመጣችሁ?»

«መድኃኒት ገዝተው ነበር፣ አቶ ቢተው፤» አለች ማኅሌት።

 ሰውየው ተነሳና ጓዳ ገብቶ አንድ ጣሳ ይዞ ወጣ። እግሯ ሥር ወረወረው። የክዳኑ ማሸጊያ አልተነካም።

«ባቄላው ላይ ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ወጥቶ ነበር። ዝናብ አላስረጨኝም። ወንድሜን በዚህ ገደልከው ልትይኝ ነው?»

«ወንድምዎ በሞቱ ቀን የት ነበሩ?»

«ፍላቂት። ገብስ ልሸጥ ወርጄ ሁለት ቀን ዋልሁ። የሰማሁትም እዚያ ነው። ያመጣኝን ሚኒባስ ሾፌር ጠይቂው፤ መንገዱን ሁሉ እያለቀስሁ ነው የመጣሁት።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «እምቢ ብዬው ነበር። ከእሷ ዘንድ የመጣ ነገር አፍህ እንዳይገባ ብዬው ነበር። እሷ ታውቃለቻ! አረጋ ከዚያ ከኮሮናው ወዲህ ሽታም ጣዕምም አይለይም። ወተቱ መቆምጠጡን እንኳ የምትነግረው ሚስቱ ናት። ለዚህ ነው የደፈረችው።»

የማኅሌት የመጀመሪያ ቀን ጥያቄ መልስ አገኘ። ደስ ግን አላላትም።

ሾፌሩ ቃሉን ሰጠ፤ የፍላቂት ገብስ ነጋዴም መሰከረ። ቢተው ሁለቱንም ቀን እዚያ ነበር።

ከመሄዳቸው በፊት ማኅሌት ዞር ብላ፣ «የውባንቺን ቤት ስለሰበራችሁት ሌላ መዝገብ ተከፍቷል፤ እንጠራዎታለን፤» አለችው።

«ጥሪኝ፤» አለ ቢተው። «እሷን ከለቀቅሻት ግን ሁለት ሬሳ ታነሺያለሽ። የእሷንና የእኔን።»

* * *

አባ ገብረ ሊባኖስ ነአኩቶ ለአብ ዋሻው በር ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ማኅሌት መስቀል ተሳልማ እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀች።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ለዕርቁ ስንት ጠርሙስ ወሰዱ?»

«አራት፤» አሉ ሳያመነቱ።

«አምስት ሊሆን አይችልም?»

«ልጄ፣ ያን ዳገት ዘንቢል ተሸክሜ የወጣሁት እኔ ነኝ። አርጅቻለሁ፤ እያንዳንዷን ጠርሙስ ወገቤ ቆጥሯታል።» ዳዊታቸውን ከደኑ። «ሁለቱን እዚያው ጠጣን። ሁለቱን ገለቴ ሳጥን ውስጥ ስትከት አይቻለሁ። ያን ቀን ሁለቱ ሲሳሳሙ አለቀስሁ። እንዲህ ያለ መልካም ዕርቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ምን አጥፍተን ነው?»

ማኅሌት ወደ ጣቢያ ስትመለስ አምስቱን ጠርሙሶች ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። እስከዚያ ድረስ የምታያቸው ውስጣቸውን ነበር። አሁን ውጫቸውን አየች። አራቱ ጠርሙሶች የታጠቡ፣ የሚያብረቀርቁ ናቸው። መርዝ የነበረበት ግን ትከሻው ላይ ጥቁር፣ ቅባታማ ነገር ተጋግሮበታል። በጣቷ ፈገፈገችው። ጥቀርሻ ነው። አንገቱ ላይ ደግሞ ሦስት አራት ቀይ ክሮች ከጥቀርሻው ጋር ተጣብቀው ቀርተዋል።

«አባስ፣ ቆርኪዎቹን አምጣልኝ።»

ቆርኪዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው በማጉያ መነጽር አዩዋቸው። ከመርዙ ጠርሙስ የወደቀው ቆርኪ ጠርዙ ላይ እንደ ምስማር ጭረት ያለ ቀጭን መስመር ነበረው። የሌሎቹ ጠርዝ ልሙጥ ነው።

«ሌላ መግጠሚያ ነው፤» አለ አባስ። «ሌላ ሰው አሽጎታል ማለት ነው!»

«ወይም ሌላ ጊዜ፤» አለች ማኅሌት። «ይኼን መሣሪያ የሠራው ማነው?»

* * *

የብረት ሠራተኛው አብዱልጀባር ሱቅ ገበያው ዳር ነው። ሽማግሌው የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ገፋ አድርገው መግጠሚያውን ተቀበሏት፤ ገና ሲነኩት አወቁት።

«የገብረመስቀል ነው። አላህ ይዘንለት፤ ደግ ሰው ነበር። የሠራሁለት እኔ ነኝ።»

«ጋሽ አብዱልጀባር፣ ይኼን ቆርኪ ይዩልኝ። ጭረቱ ከዚህ መሣሪያ ነው?»

ቆርኪውን ወደ ብርሃን አዞሩት። «ነው፤ አይደለምም።»

«እንዴት?»

«ይኼ ጭረት የአሮጌው አፍ ነው። አፉ ስንጥቅ ነበረው፤ የሚያሽገው ቆርኪ ሁሉ እንዲህ ይጫር ነበር። ገብረመስቀል ‹ይቀየርልኝ› እያለኝ ሳልደርስለት በመስከረም ሞተ። እኔም ጸጸተኝና፣ ኅዳር ላይ፣ ሚስቱ ከሐዘን ወጥታ ሥራ ሳትጀምር፣ አስጠርቼ አዲስ አፍ በየድሁላት። አሮጌውን ከሌላ ቁርጥራጭ ብረት ጋር አቅልጬዋለሁ።» መሣሪያውን መለሱላት። «ከኅዳር ወዲህ ውባንቺ ያሸገችው ቆርኪ ጭረት የለውም። ወላሂ፣ እፈርምልሻለሁ።»

ማኅሌት ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመች። ያ ጠርሙስ የታሸገው ከኅዳር በፊት ነው። ያኔ ጠብ የለም፤ የድንበሩ ክርክር የተነሳው ገብረመስቀል ከተቀበረ በኋላ ነው። ያሸገውም ውባንቺ ሳትሆን ገብረመስቀል ነው። የሞተ ሰው ያሸገው ጠርሙስ ደግሞ ለወራት የሆነ ጭስ ያለበት ቦታ ተቀምጦ ነበር።

«አምስት ያሉት ወይዘሮ ገለቴ ብቻ ናቸው፤» አለ አባስ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ፤» አለች ማኅሌት። ከመግባቷ በፊት ለረጅም ጊዜ የመኪናውን በር ይዛ ቆመች።

* * *

ወይዘሮ ገለቴ ብቻቸውን ነበሩ። ለቀስተኛው ተበትኗል፤ ልጆቻቸው ከብት ሊያስገቡ ወጥተዋል። ማኅሌት አባስን ደጅ አቁማ ለብቻዋ ገባች። ቀና ስትል ከምድጃው በላይ ያለውን ቆጥ አየችው። የዓመታት ጭስ አጥቁሮታል። ባንድ በኩል ጣሪያው አፍስሶ ቆጡን አርጥቦታል።

«እማማ፣ እዚያ ላይ ልውጣ?»

«አትውጪ፤» አሉ ወይዘሮ ገለቴ።

ማኅሌት በርጩማ ላይ ቆማ አየች። ጥቀርሻው መሃል፣ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል አንድ ክብ፣ ንጹሕ ቦታ ነበረ። ወርዳ ከሴትዮዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። 

«የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ነው፤» አሉ ወይዘሮ ገለቴ። «ተምች ወርዶ አገሩን በላው። ገብረመስቀል ከወልድያ መድኃኒት አምጥቶ ለሰው ሁሉ አካፈለ። ለእኛም ሰጠን። የተረፈውን በላስቲክ ዕቃ አስቀምጬው የልጄ ልጅ፣ ገና ዳዴ የምትል ሕፃን፣ ክዳኑን ከፍታ አፏ ልታደርሰው ስትል ደረስሁባት። ሮጬ ወስጄ መለስሁለት። ‹አልፈልገውም፣ ይገለናል› አልሁት። እሱ ግን ‹ለሚመጣው ዓመት ያስፈልግዎታል› ብሎ፣ በጠርሙስ ገልብጦ፣ በዚያ በመሣሪያው ድርግም አድርጎ አሸገልኝ። ልጅ በእጁ የማይከፍተው እንዲሆን። አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረበት። ቆጡ ላይ ሰቀልሁት፤ ረሳሁት።»

«ጨርቁስ?»

«አይጥ በልቶታል። ባለፈው ሳምንት ጣሪያው ሲያፈስ ዕቃውን ሁሉ አወረድሁ። ጠርሙሱንም። ኋላ እመልሰዋለሁ ብዬ...» እጃቸው ወደ ሳጥኑ ተዘረጋ፤ መልሰው ሰበሰቡት። «ከጠጁ ጎን ያቆምሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ።»

«ያኔውኑ አወቁት?»

«በሩን ስገባ ገና በጠረኑ አወቅሁት። እሱ ‹የውባንቺ ጠጅ ከበደኝ› ሲል ሰው ሁሉ ሰማ። አይደለም ልል አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ እምቢ አለኝ። ከዚያ አንቺ መጣሽ፤ ‹ስንት ነው› አልሽኝ። አምስት አልሁሽ። አንድ ጊዜ ካልሁ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። አባታችሁን እኔ ነኝ የገደልሁት ብዬ ለልጆቼ በየት በኩል እነግራቸዋለሁ? ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ቤቷን ሰበሩት። ንቦቿን አቃጠሉ። ከዚያ ወዲህ ውሃ እንኳ በጉሮሮዬ አልወረደም።»

ከዚያ አለቀሱ። ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ሲያለቅሱ ማኅሌት ያየቻቸው ያን ጊዜ ነው። ድምፅ የለውም፤ መላ ሰውነታቸው ብቻ ይናጣል። ማኅሌት እጃቸውን ያዘች። መዝገቡ ላይ ምን እንደምትጽፍ ታውቃለች። በቸልተኝነት ሰው መግደል፣ ለፖሊስ ሐሰት መናገር። የቀረው የዐቃቤ ሕግ ነው። ግን ያን ሰዓት እጃቸውን ለቅቃ እስክሪብቶ ማንሳት አልቻለችም።

ወጥታ ቢተውን ያስጠራችው እሷ ናት። ወይዘሮ ገለቴ እሷው ፊት ደገሙለት። ቢተው እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። ከዚያ ጠመንጃውን ለአባስ አቀበለና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«እኔ ነኝ በሯን የገነጠልሁት፤» አለ። «እኔን ውሰዱኝ።»

ወሰዱት።

* * *

በማግስቱ ጠዋት ማኅሌት ውባንቺን ቢሮዋ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት። ውባንቺ አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መግጠሚያ አየችው፤ አልነካችውም።

«ገብረመስቀል ገደለው ልትይኝ ነው?»

«አይደለም። እሱ ሕፃን ሊያድን ነው ያሸገው።»

«አልነገረኝም ነበር፤» አለች ውባንቺ። «ብዙ ነገር አይነግረኝም። ሰው ዘንድ የሠራውን ደግ ነገር ሁሉ ከሌላ ሰው ነው የምሰማው።»

ውባንቺ ተፈትታ በር ላይ ሲወጡ ወይዘሮ ገለቴን ቆመው አገኟቸው። ማታ ከቢተው ጋር ጣቢያ ገብተው፣ ሽማግሌዎች ዋስ ሆነዋቸው ወጥተዋል። ወገባቸው ጎብጧል፤ ማጅራታቸው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክመዋል። አባ ገብረ ሊባኖስ ራቅ ብለው መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። መንገደኛው ሁሉ ቆሟል።

ውባንቺ ደረጃው ላይ ቆመች። ቀርባ ስትናገር ድምፅዋ ከሹክሹክታ አይበልጥም።

«ሲሰጥዎት ምን አለ?»

«ማን፣ ልጄ?»

«ገብረመስቀል። ጠርሙሱን ሲሰጥዎት ምን አለዎት?»

አሮጊቷ ከድንጋዩ ሥር ቀና ሊሉ ሞከሩ። «‹እማማ፣ ለእኛ ልጅ አልሰጠንም፤ የእርስዎ እንዳትሞትብን› አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው።»

ውባንቺ ዐይኗን ጨፈነች።  ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አነሳችው፤ ጎንበስ ብላ ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አሳረፈችው።

«ይቅር ብያለሁ፤» አለች። «ግን ቤቴ አይምጡ። እኔም ለቅሶ አልደርስም። አልችልም።»

ወይዘሮ ገለቴ ጫማዋን ሊስሙ ወደቁ፤ ውባንቺ ግን አልፋቸው ሄዳ ነበር።

«መኪና አለ፤ ላድርስዎት፤» አለች ማኅሌት ከኋላዋ።

«በእግሬ ሄጄ ቤቱን ልየው።»

ማኅሌት አባስን አሮጊቷን ወደ ዳገቱ እንዲያደርሳቸው አዘዘችው። ቢሮዋ ተመልሳ መዝገቡን ልትዘጋ ተቀመጠች። ሁለት መስመር ጻፈች፤ ተወችው። ተነስታ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ወረደች።

ውባንቺን የተገነጠለው በር ውስጥ አገኘቻት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የተሰበረውን ጠርሙስ ትጠርጋለች። መጥረጊያው ስብርባሪውን ሲገፋው ኳኳታው ግቢውን ይሞላዋል። ማኅሌት ባርኔጣዋን አውልቃ መስኮቱ ላይ አኖረች፤ ጎንበስ ብላ ትልልቁን ስብርባሪ በእጇ ትለቅም ጀመር። ውባንቺ ተዪም አላለቻት፣ እግዜር ይስጥሽም አላለቻት። ጀርባዋን እንደሰጠች ጠረጋዋን ቀጠለች።